ሰባት ቅንጣት ጤፍ

አሞሌ በር ከቆላ ጨው የጫኑ ግመሎች የሚወጡባት፣ ከደጋ ማርና በርበሬ የጫኑ በቅሎዎች የሚወርዱባት ትንሽ ከተማ ነበረች። መንግሥት ለዚች ከተማ አንድ የምድር ሚዛን ሰጥቷት ነበር፤ ግመል ከነጭነቱ የሚቆምበት፣ እንደ አውድማ የሰፋ የብረት መድረክ ያለው ሚዛን። የሠራው ሰው ወይ እጅግ ጠቢብ ነው ወይ ሥራ ፈት። ሚዛኑ ሃምሳ ኩንታል ተሸክሞ የአንዲት ቅንጣት ጤፍ ልዩነት ይናገር ነበርና። ለጨው ነጋዴ እንዲህ ያለ ሚዛን ምን እንደሚበጀው የጠየቀ የለም። መንግሥት የሰጠው ነገር አይጠየቅም፤ ይወለወላል፣ ይጠበቃል።

ጠባቂው ምንተስኖት ይባላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቃሉ አጭር፣ ትዕግሥቱ ረጅም ሰው ነው። አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሚመዘነው ነገር ፈጽሞ ጸጥ ካላለ መርፌውን አያነብም። ግመሉ ጆሮውን ካወዛወዘ ይጠብቃል። ነጋዴው ቢለምንም ቢሳደብም መልሱ አንድ ነው።

“ይረፍ።”

“ኧረ አንተ ሰው፣ ቀኑ ሄደብን!”

“ይረፍ፤ ሳያርፍ አልመዝንም።”

ከዚህ የተነሣ “ይረፍ” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻ የታማሚው ቤተ ዘመዶች በር ላይ ቆመው፣ በዚያ ስም ማንም እንዳይጠራው እንግዳውን ሁሉ ይማጠኑ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ የውብዳር ምሳውን በሸክላ ድስት ይዛለት መጣች። ወጡ እንዳይደፋ ክዳኑን በሊጥ ዙሪያውን አሽጋዋለች። ምንተስኖት ሥራ ስለበዛበት ድስቱን ከመድረኩ ዳር አስቀመጠው፤ ልማድ ነውና መርፌውን አነበበ። ከሰዓት በኋላ ሊበላ ሲመጣ ድስቱ ቀዝቅዟል። እንደገና አነበበ። መርፌው በፀጉር ስንጣቂ ያህል ወርዷል። ሊጡን መረመረ፤ አልተነካም። ምንም አልገባም፣ ምንም አልወጣም፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የሌለው።

“የውብዳር፣ ወጥሽ ሲሞቅ ይከብዳል” አላት ማታ ቤቱ ሲገባ።

“ሲቀዘቅዝም የሚከብዳቸው አሉ፤ ሆዳቸው ላይ” አለችው።

እሱ ግን ነገሩን ሊተወው አልቻለም። በማግስቱ ወደ ሐጂ ሙክታር ሄደ። ሐጂ ሙክታር ከገበያው ጫፍ ሰዓት የሚያበጁ፣ በአንድ ዓይናቸው ሁልጊዜ መነጽር የሚሰኩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይዘው ሚዛኑ ላይ መጡ። መጀመሪያ የቆመውን መዘኑት። ከዚያ ሐጂ ቁልፉን ሃያ ጊዜ አዙረው ሞሉት፤ እንደገና መዘኑት። ከብዷል።

“ምን ጨመሩበት ሐጂ?”

“ሃያ ዙር ቁልፍ።”

“ዙር ይመዝናል?”

ሐጂ የእጃቸውን አንጓ አሹ። “ከክንዴ የወጣው ጉልበት እኮ የትም አልሄደም ወንድሜ። በተጠቀለለው ሞላ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ደከምኩ፣ ሰዓቱ ከበደ። እንግዲህ ክብደት ማለት ሌላ አይደለም፤ ያረፈ ጉልበት ነው።”

“ጉልበትስ?”

“መንገድ የወጣ ክብደት ነዋ!”

“ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው?”

“አንድ ናቸው፤ ስሙ ነው ሁለት። እኔን እናቴ ሙክታር ትለኝ ነበር፤ ገበያው ሐጂ ይለኛል። የመጣሁ ጊዜ የምቀመጠው ግን በአንድ በርጩማ ነው።”

ሁለቱ ሰዎች ተያይተው ሳቁ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለማንም የማይተርፍ የሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

በዚያው ወር ከጠቅላይ ግዛቱ ደብዳቤ መጣ። የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል ናቸው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከአካላቸው ይልቅ ድምፃቸው የሚቀድም ሰው። ደብዳቤውን ያነበበላቸው ጸሐፊያቸው ልሳነወርቅ ነው፤ ቃል ሲተረጉም የሚያምርበት፣ ለጌታው ደስታ ሲል ፀሐይን ብድግ በይ የሚል ዓይነት ጸሐፊ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ “የጠቅላይ ግዛቱ መርማሪ በሚመጣው ወር ስለሚጎበኙ፣ የከተማው ሰዎች እንደ ክብደታቸው ተራ ይዘው ይቀበሏቸው።”

“ክብደት ሲል ምን ማለቱ ነው?” አሉ ፊታውራሪ።

“ክብደት ማለት ክብደት ነው ጌታዬ” አለ ልሳነወርቅ። “ደስ የሚለው ደግሞ ሚዛን አለን።”

ከተማው በሙሉ ተመዘነ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አንድ መቶ ሦስት ኪሎ ወጣ። ሥጋ ሻጯ ባልቴት ዘጠና አንድ። ፊታውራሪ ጓንጉል ካባቸውን ደርበው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው መድረኩ ላይ ወጡ። ምንተስኖት እስኪረጉ ጠበቀ። ካባውንና ጎራዴውን ቀንሶ ጻፈ፦ ሃምሳ አንድ ኪሎ። በዚህ ተራ ከሄደ መርማሪው የወረዳውን ገዥ ከአንድ መቶ አርባ ሰው ኋላ፣ ከአህያ ነጂዎቹ ጎን ሊያገኟቸው ነው።

ፊታውራሪ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ ይኸውም ነገሩን አባሰው። በአራተኛው ቀን ልሳነወርቅ መላ ይዞ መጣ። ፊታውራሪ በቦራ ፈረሳቸው ሆነው ሽምጥ እየጋለቡ መድረኩን ረገጡት። ሚዛኑ ጓ! አለ። መርፌው ዘልሎ ስድስት ኩንታል ላይ ደረሰና እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ።

“አየህ! ፈረሱ ቢቀነስ ሦስት ኩንታል ነኝ!” አሉ፣ ድምፃቸው ከፈረሱ ቀድሞ።

በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ክብደት የሚለካው በሩጫ ነው። ቆሞ የተገኘ ክብደት በማጉደል ይቀጣል። አሞሌ በር መሮጥ ጀመረች። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ግራና ቀኝ እየሮጡ ተከራከሩ፤ ትንፋሹ ቀድሞ ያለቀ ወገን ጥፋተኛ ተባለ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እየሮጠ ደረቱን መታ። ሽማግሌዎች አንድ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ባልና ሚስቱም በመጨረሻ የታረቁት ከፍቅር ሳይሆን ከድካም ነበር። ሁሉም ስለሚሮጥ ማን ከማን እንደ ከበደ የሚያይ ሰው ጠፋ፤ ለማየት መቆም ያስፈልግ ነበርና።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የሚዛን ጠባቂው ፊርማ። ፊታውራሪ ፈረሳቸውን ሳያቆሙ ሚዛኑን እየዞሩ የምስክር ወረቀቱን ለምንተስኖት ወረወሩለት። “ሦስት ኩንታል” ይላል።

“ፈርም!”

ምንተስኖት ወረቀቱን አነበበ፤ አጥፎ ያዘው። “ጌታዬ፣ ፈረስዎን ቢጠይቁት፣ እኔ የተሸከምኩት ያንኑ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነው ይልዎታል።”

“ፈረስ ደግሞ ምስክር ይሆናል?” አለ ልሳነወርቅ፣ ከጌታው ጎን በበቅሎ እኩል እየጋለበ።

“አብሮ የሚሮጥ ሁሉ ምስክር ነው። አንተ ራስህ ከአጠገባቸው ነህ፤ እስኪ እውነቱን ንገረኝ፣ ከብደው ታዩህ?”

“ኧረ ያው ናቸ...” ካለ በኋላ ልሳነወርቅ ምላሱን ነከሰ።

“ጌታዬ” አለ ምንተስኖት፣ የሚዞረውን ፈረስ በዓይኑ እየተከተለ፣ “የጋለቡበትን ፍጥነት ጻፍ ቢሉኝ እጽፋለሁ። ክብደትዎን ግን የምጽፈው ሲያርፉ ነው።”

ፈረሱ እንኳ ኮቴውን ያሳነሰ መሰለ።

“ሲያርፉ?” አለ ልሳነወርቅ በሹክሹክታ። “ጌታችን... ሲያርፉ?”

ምንተስኖት የተናገረው ነገር ወዴት እንደ ሄደ ገባው። ሊያስተካክል ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ባሰ። “መቼም አንድ ቀን ማረፍዎ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በትክክል ይታወቃል ማለቴ ነው።”

ወዲያው ታሰረ።

የከተማው እስር ቤት ጣሪያ በክረምቱ ዝናብ ወድቆ ነበር። ልሳነወርቅ ለዚህም መላ አላጣም። በሚዛኑ መድረክ ላይ፣ ግማሹን ይዞ፣ የቆርቆሮ ቤት አስቆመ። “እስረኛ ሲገባ እንመዝነዋለን። ሲያመልጥ መርፌው ይናገራል። ጠባቂ አያስፈልግም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ” አለ። ቤቱ ባዶውን ተመዘነና ከመርፌው ላይ ተቀነሰ። ምንተስኖት በገዛ ሚዛኑ ላይ ታሰረ።

ሐጂ ሙክታር ስለ ወዳጃቸው ምን እንደሚያውቁ ሲጠየቁ፣ “እውነቱን ነው፤ ሁላችንም የምንታወቀው ስናርፍ ነው” አሉ። ገቡ። ሲሮጥ ተደናቅፎ ወድቆ ቶሎ ያልተነሣ በርበሬ ነጋዴ ገባ። ከዛፍ ጥላ ሥር የተገኙ ሁለት ወንድማማች ጫኞች ገቡ። ይህን ሁሉ አይተው የሳቁ አራት ሰዎች ገቡ። ዘጠኝ ሆኑ። ልሳነወርቅ አንድ በአንድ መዝኖ ደመረ፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ትርፍ የለው፣ ጉድለት የለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደዚሁ አለፉ። ዘጠኙ ሰዎች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ እያንዳንዱ በሌላው ምክንያት የታሰረ እየመሰለው፣ ተኮራርፈው ተቀመጡ። ምንተስኖት ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ያችን አንድ ቃል በሆዱ ሲያመላልስ ዋለ። ምነው “ሲቆሙ” ባልኩ፣ ምነው “ሲረጉ” ባልኩ እያለ።

በአራተኛው ቀን በርበሬ ነጋዴው፣ “ስንት ሰዓት ይሆን ሐጂ?” አለ።

“እኔ እንጃ” አሉ ሐጂ፤ “የሰው ሁሉ ሰዓት የማበጀው እኔ፣ የራሴ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።”

ከጫኞቹ አንዱ ፈገግ አለ። ሌላው ሳቀ። ከዚያ የማይያዝ ሆነ። ማን ለምን እንደ ታሰረ ተራ በተራ ተነገረ፤ ወድቆ መነሣት የዘገየው ሰውዬ አወዳደቁን ተነሥቶ አሳየ። ከዚያ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ታረቁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሱ፣ ዘፈን አወጡ። ሰው በሰው ሞቀ። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት እንደ ድንጋይ የረጋ ነው፤ ውስጡ ግን አላረፈም።

ልሳነወርቅ ከውጭ መርፌውን አነበበ። አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ከሦስት ቅንጣት ጤፍ።

ዓይኑን ጠረገ። ሦስት ቅንጣት። ሮጦ ለፊታውራሪ ነገረ፤ ሮጠው መጡ።

“ጤፍ አስገብተዋል” ተባለ። የውብዳር ለባሏ እንጀራ እንዳታመጣ ተከለከለች፤ የገብስ ቆሎ አመጣች፤ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ እየተመዘነ ይቀነስ ነበር። ቤቱ ተፈተሸ፤ ኪስ ተገለበጠ፣ የሐጂ ጢም ሳይቀር በማበጠሪያ ተበጠረ። አንዲት ጤፍ አልተገኘችም። ዘጠኙንም አንድ በአንድ አውጥተው መዘኗቸው፤ እያንዳንዱ ሲገባ የነበረውን ያህል ነው። ደመሯቸው፦ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። መልሰው አስገቧቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ጨዋታው እንደገና ሲነሣ ሦስቷ ቅንጣት ተመለሰች።

ፊታውራሪ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል አፋቸውን አስጠግተው፣ “ምንተስኖት! ማነው የያዛት?” አሉ።

“ማንም አልያዛትም ጌታዬ።”

“ታዲያ የት ነች?”

“በመካከላችን ነች።”

“በመካከላችሁ ምን አለ?”

“ጨዋታ።”

ፊታውራሪ ቀዳዳውን ለቀው ቀጥ አሉ። መርማሪው ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷል። መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ሰው፣ ሚዛኑ ላይ ዘጠኝ ሰውና ሌላ ነገር። “ዝም ይበሉ!” አሉ። “ከዛሬ ጀምሮ የተናገረ፣ የሳቀ፣ የተንቀሳቀሰ ወደ ቆላው የጨው ግዞት ይሄዳል። አንተም ምንተስኖት፣ መርማሪው እስኪመጡ ካልፈረምክ የመጀመሪያው አንተ ነህ።”

በግዞት ሄዶ ጨው ከሚቆረጥበት ቆላ የተመለሰ ሰው በአሞሌ በር አይታወቅም።

በዚያ ሳምንት የውብዳር ቆሎውን በቀዳዳው ስታቀብለው እጁን ያዘችው።

“ፈርምላቸው” አለችው በሹክሹክታ። “ሦስት ኩንታል ብትጽፍ ወረቀቱ አይሰበር።”

“ሚዛኑ ያየኛል የውብዳር።”

“እኔስ? ሃያ ስድስት ዓመት አላየሁህም? እኔ አንተን ሚዛን ላይ አውጥቼህ አላውቅም።”

ምንተስኖት ሌላ ሰው እንዳይሰማው ወደ ቀዳዳው ተጠጋ። እጇ ሞቃት ነው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ሁለቱንም ይወጋቸዋል። “እዚህ ወረቀት ላይ ውሸት ካስቀመጥኩ፣ ከዚህ ወጥቼ ወዳንቺ የምመጣው ሰውዬ እኔ አልሆንም። ያን ሰውዬ ደግሞ አታውቂውም” አላት።

እጁን ለቀቀችው፤ ተናዳ አይደለም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች፤ ሄደች።

በቤቱ ውስጥ ዝም ተባለ። የሚስቅ የለም፣ የሚመላለስ የለም። ፊታውራሪ በየቀኑ ሦስት ጊዜ እየመጡ መድረኩ ላይ ይወጡና በዘንግ ቆርቆሮውን እየደበደቡ ይጮኹ ነበር። ሳቃቸውን የዋጡ፣ መልሳቸውን የዋጡ ዘጠኝ ሰዎች ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እንደ ተጠመዘዘ ሞላ ተጨምቀው ይሰማሉ። ልሳነወርቅ በዝምታው መርፌው ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። አራት ቅንጣት። አምስት። ስድስት። መርማሪው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ሰባት ቅንጣት ጤፍ ሆነ።

“ዝም ካሉ በኋላ ከበዱ! ሰባት ቅንጣት!” አለ ልሳነወርቅ፣ እንባው ሊመጣ ደርሶ።

“ከየት እያመጡ ነው?” አሉ ፊታውራሪ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአካላቸው ኋላ ቀረ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። “ምንተስኖት፣ ተናገር። ፈቅጄልሃለሁ።”

“ጌታዬ፣ አሁን መድረኩ ላይ ቆመዋል?”

“ቆሜያለሁ።”

“ልሳነወርቅ መርፌውን ያንብብልኝ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ይጩኹ።”

ፊታውራሪ ጮኹ፤ ቆርቆሮውን ደበደቡ፤ ላብ አጠመቃቸው። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

“አሁን ይውረዱ። ልሳነወርቅ፣ ሲወርዱ ስንት ጎደለ?”

ልሳነወርቅ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። “ሃምሳ አንድ ኪሎ... አራት ቅንጣት ጤፍ ሲቀር።”

“ከጌታችን አራት ቅንጣት ጎድሏል” አለ ምንተስኖት ከውስጥ። “ዝም ካልን ወዲህ ቤቱ ላይ የተጨመረችው አራት ቅንጣት ነች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመዘኑ አይበዛ፣ አያንስ። እዚህ ሌባ የለም ጌታዬ፤ ለጋስ እንጂ። የጮኹብን ሁሉ፣ የደበደቡት ሁሉ ወደኛ ገብቶ ተቀምጧል።”

“ደግሞ ይጠንቀቁ” አሉ ሐጂ ሙክታር፣ ከሳምንት ዝምታ በኋላ በሻከረ ድምፅ። “አንዲት ቅንጣት በአንድ ጊዜ ብትፈታ አሞሌ በርን አመድ ታደርጋለች። ቀስ ብላ ከወጣች ግን ክረምቱን ሙሉ የምታሞቅ ነች። ያለችው ደግሞ ሰባት ነች።”

ፊታውራሪ ከቤቱ አንድ እርምጃ ራቁ። መሮጥ አማራቸው። ያን ጊዜ የውብዳር ቆሎዋን እንደ ያዘች ከኋላቸው ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

“ፊታውራሪ፣ ይክፈቱት” አለች። “ይቀላል።”

ፊታውራሪ አይተዋት ቃሏን በልባቸው አገላበጡ። ምን እንደሚቀል፣ ማን እንደሚቀል አልጠየቋትም። “በቀስታ ክፈት” አሉ ልሳነወርቅን። “በቀስታ” የሚለው ቃል ከሹም አፍ ከወጣ ወር አልፎት ነበር።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ጫኞቹ ወጡ፣ ከዚያ በርበሬ ነጋዴው፣ ከዚያ የሳቁት አራቱ፣ ከዚያ ሐጂ፣ በመጨረሻ ምንተስኖት። ማንም አልሮጠም። የገበያ ቀን ነበርና አደባባዩ በሚሮጥ ሰው ተሞልቷል። ከእስረኞቹ አንዱ የዋጠውን ሳቅ ሊይዘው አልቻለም፤ ለቀቀው። ከሚሮጡት አንዲት ሴት ለምን እንደሚስቅ ልታይ ቆመች። እሷን ያየ ሌላ ቆመ። ያቺ ከውስጥ የወጣች ነገር ከሰው ወደ ሰው ስትሄድ፣ አህያ ነጂዎች ቆሙ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተያይተው የተካሰሱበትን ነገር ረሱት። ብርዱ እንኳ የለዘበ መሰለ። የውብዳር ባሏን አላቀፈችውም፤ ሰው አለ። ቆሎውን አስጨበጠችውና ጎኑ ቆመች።

መርማሪው ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጡ ያገኙት አንድ ባዶ የቆርቆሮ ቤት፣ ተደላድሎ የቆመ ሕዝብና በፈረስ ላይ ሆነው መቆም አቅቷቸው አደባባዩን የሚዞሩ አንድ ፊታውራሪ ነው። መርማሪው ነጭ ሽበታም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤው እንዴት እንደ ተተረጎመ ልሳነወርቅ ሲያስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አንድ ትእዛዝ ብቻ ጻፉ፦ “ፊታውራሪ ጓንጉል እጅግ ስለ ደከሙ እንዲያርፉ ተወስኗል።”

ልሳነወርቅ በልማዱ አሳጠረው፤ ከአደባባይ ወጥቶ፣ “ፊታውራሪ አርፈዋል!” ሲል አወጀ።

ከሰዓት በኋላ የፊታውራሪ ግቢ በለቅሶተኛ ሞላ። ድንኳን ተተከለ፤ አልቃሽ መጣች። በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው ፊታውራሪ ጩኸት ሰምተው በባዶ እግራቸው ወጡና በራቸው ላይ ቆሙ። አልቃሿ አየቻቸው። ነገር ግን ሙሾውን ከመካከል ማቋረጥ ነውር ሆነባት፤ እያየቻቸው እስከ መጨረሻው አለቀሰችላቸው። በወጣትነታቸው ድልድይ ማሠራታቸውን፣ በድርቁ ዘመን ጎተራቸውን መክፈታቸውን አነሣች። እሳቸው ራሳቸው ረስተውት ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብለው ከሕዝቡ ጋር አለቀሱ። ሥጋ ሻጯ ባልቴት ከልቧ እያዘነች፣ “እግዜር ያጽናዎት” አለቻቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በእግራቸው፣ ያለ ካባና ያለ ጎራዴ ወደ ሚዛኑ መጡ። ምንተስኖት ወደ ሥራው ተመልሶ መድረኩን ይወለውል ነበር።

“አረፍኩልህ” አሉት። “በል መዝነኝ።”

ወጡ። እስኪረጉ ጠበቀ፤ ብዙም አላስጠበቁት። “ሃምሳ አንድ ኪሎ ጌታዬ፣ ሞልቷል።”

“አራቷስ ቅንጣት?”

“እንቅልፍ፣ እህል፣ የሰው ዕንባ... መግቢያው ብዙ ነው።”

ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወርደው፣ መንገዱ በጥላው በኩል ይሻላቸው እንደ ሆነ አስበው፣ በጥላው በኩል ሄዱ።

መርማሪው ግን ገና አልጨረሱም። መዝገቡን ገልጠው በሚዛን ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለምንተስኖት አስቀመጡለት። ቤቱ ሲመዘን አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ከሰባት ቅንጣት ጤፍ ይላል። ዘጠኙ ሰዎች ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ ሲመዘኑ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ይላል።

“ሰባቷን ምን ብዬ ለበላይ ላስረዳ?” አሉ። “አንድ መስመር ጻፍልኝ። ማንንም የማያስከፋ፣ ከእውነትም የማይወጣ።”

ምንተስኖት ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። በመስኮቱ በኩል የቆርቆሮውን ቤት፣ ከሱ በላይ የገዥውን ግቢ፣ ከሁለቱ በታች ገበያውን አየ። ሰው ቆሞ ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ ይስቃል። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። መርማሪው አነበቡት። ቀና ብለው እሱን አዩ፤ ወደ ገበያው አዩ፤ ደግመው አነበቡት፤ ፈገግታቸውን በሽበታቸው ውስጥ ሸሽገው ማኅተማቸውን አሳረፉበት። መስመሯ እንዲህ ትላለች፦

“ከቤቱ ክብደት ጎድሏል፤ የጠፋ ግን የለም።”